የድርጅት ሠራተኞች ፖርትሬት፦ ብርሃኑ ተስተካክሎ ፊቱ ሲደርቅ ምን ታደርጋላችሁ?

ማለዳ ብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የኖርኩት በሠርግና በልደት ሥራ ነው። በቅርቡ ግን የድርጅት ሥራ ይመጣልኝ ጀምሯል፤ ለድረ ገጽ፣ ለመታወቂያና ለዓመታዊ ሪፖርት የሚሆን የሠራተኞችና የኃላፊዎች ፖርትሬት። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ከሠርግ የሚለይበት መንገድ ግን ከጠበቅሁት በላይ ሆኖብኛል።

ሠርግ ላይ ሰው ፎቶ መነሳት ፈልጎ ነው የሚመጣው። ቢሮ ውስጥ ተጠርቶ ነው የሚመጣው። ሥራውን አቋርጦ፣ ስልኩን በእጁ እንደያዘ፣ ገና ሳይቀመጥ «እኔ እኮ ፎቶ አይወጣልኝም» ይለኛል። ካሜራውን ሳነሳ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከንፈሩ ይገጥማል፣ ዓይኑ ይፈጥጣል። በሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ተራ ይጠብቃል። ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ ፎከሱ ጥሩ ነው፤ ፎቶው ግን ለመታወቂያ እንደሚነሱት ጉርድ ፎቶ ድርቅ ብሎ ይወጣል።

አሁን ትልቅ ሥራ ከፊቴ አለ። ድርጅቱ ብዙ ሠራተኞች አሉት፤ በሁለት ሕንጻ ተከፍለው ነው የሚሠሩት። ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚወጡ «አንድ ዓይነት ይሁኑ» ተብያለሁ። የማነሳው በስብሰባ ክፍላቸው ውስጥ ነው። ያለኝ ፉል ፍሬም ካሜራ፣ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሁለት ፍላሽ፣ አንድ ትልቅ ሶፍትቦክስ (የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሣጥን)፣ ነጭ ሪፍሌክተር (ብርሃን የሚመልስ ሰሌዳ) እና ግራጫ የወረቀት ባክግራውንድ ነው።

የሰዉን መድረቅ እንዴት ነው የምታፍታቱት? በሁለት ሕንጻ የተነሳውንስ እንዴት አንድ አስመስላችሁ ታወጣላችሁ? ለኃላፊዎቹ የተሰጠኝ ጊዜም በጣም አጭር ነው፤ ስለ እነሱም ምክር ያለው ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።


ባለ ሰማንያ አምስት፦

እንኳን ደህና መጣሽ። ስለ ሰዉ ከእኔ የሚሻሉ እዚህ አሉ። እኔ ስለ ክፍሉ ልጻፍ፤ የክፍሉ ጣጣ አስቀድሞ ካላለቀ ስለ ሰዉ የምታስቢበት ፋታ አይኖርሽም።

ቀኑ ሳይደርስ ሄደሽ እዪው። የስብሰባ ክፍል ሲባል ሰፊ ይመስላል፤ መሃሉን ግን የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይዞት ታገኚዋለሽ። ለአንድ ሰው ከደረት በላይ ፎቶ፣ ከወረቀቱ እስከ ሰዉ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ከሰዉ እስከ ካሜራው ሌላ ሁለት ሜትር፣ ለአንቺም መቆሚያ ትፈልጊያለሽ። አምስት ሜትር ነጻ ርዝመት ከሌለው ሌላ ክፍል ጠይቂ፤ አታፍሪ፣ ይሰጡሻል።

ሰዉን ከወረቀቱ የምናርቀው አንድም ጥላው እንዳያርፍበት ነው። ሌላው ደግሞ የብርሃኑ አወራረድ ነው፦ ከፍላሹ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሶፍትቦክሱ ከሰዉ አንድ ሜትር፣ ከወረቀቱ ሦስት ሜትር ከራቀ ወረቀቱ ጋ የሚደርሰው አንድ ዘጠነኛው ብቻ ነው። ግራጫው ወረቀት ወደ ጥቁር ይጠጋል ማለት ነው። ግራጫ ሆኖ እንዲቆይ ከፈለግሽ ሁለተኛውን ፍላሽ ለወረቀቱ ስጪው፤ ለፊቱ የጥላ ወገን ሪፍሌክተሩ ይበቃል።

ግድግዳውንም እዪ። ቀለም ያለው ግድግዳ ብርሃንሽን ቀለም አልብሶ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ጉንጭ ላይ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ ጥላ ይታያል፣ ኋላም ማስተካከሉ ያደክማል። ጥቁር ጨርቅ ይዘሽ ሂጂና በዚያ በኩል ዘርጊው።

የጣሪያ መብራቱን ማጥፋት ከቻልሽ አጥፊው። ካልቻልሽ በፍላሽ ዋጪው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 8፣ ሻተር 1/200 ሴኮንድ አድርጊና ያለ ፍላሽ አንድ ፎቶ አንሺ። ጥቁር ሆኖ ከወጣ የቢሮው መብራት አያገባሽም። ካልጠቆረ የሚገባውን ብርሃን ፈልጊ፤ አብዛኛውን ጊዜ መስኮቱ ነው። ሻተሩን በማፍጠን ለማጥፋት ግን አትሞክሪ። የአብዛኞቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር የሚሄዱበት ጣሪያ 1/200 ወይም 1/250 ነው፤ ከዚያ ካለፈ የፎቶው ከፊል ይጠቁራል።

85ቱ ግሩም ነው። ነገር ግን የፊትን ቅርጽ የሚወስነው ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው። በጣም ከተጠጋሽ በየትኛውም ሌንስ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ኤፍ 1.8 ላይም አትክፈቺው። አንዱ ዓይን ጠርቶ ሌላው ደብዝዞ መውጣቱ ሠርግ ላይ ያምራል፤ የሠራተኞች ገጽ ላይ ግን የፎከስ ስህተት ይመስላል። እኔ ከኤፍ 5.6 በላይ አልከፍተውም።


ዝምተኛ ሻተር፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ወደ ሰዉ ልመለስ።

እህቴ፣ በዚህ ሥራ የሚከፍልሽ ሌላ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥልሽ ሌላ ነው። ችግሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ድርጅቱ የሚፈልገው ወጥነት ነው። የተቀመጠው ሰው የሚፈልገው ራሱን የሚመስል፣ ቢቻል በደህና ቀኑ ያለውን ራሱን የሚመስል ፎቶ ነው። ሠርግ ላይ እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች ያሉት አንድ ሰው ውስጥ ነው፤ እዚህ ተለያይተዋል፣ ማስታረቁ ደግሞ የአንቺ ድርሻ ነው። መብራቱ፣ ርቀቱ፣ ወረቀቱ ለድርጅቱ ይሁን። አፍሽና ዓይንሽ ለሰዉ ይሁን።

ስለዚህ ሰዉ በሩን ሲከፍት ብርሃኑ ያለቀለት መሆን አለበት። መለኪያ የምታደርጊበት ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ረዳትሽንም ሆነ ፈቃደኛ የሆነ ሠራተኛን። ሰዉ ተቀምጦ አንቺ ቁልፍ ስትነካኪ፣ ስክሪን አይተሽ ግንባርሽን ስትቋጥሪ እሱ «መልኬ ላይ አንድ ነገር አለ» ብሎ ነው የሚረዳው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ብትዪው አይፈታም።

በስሙ ጥሪው። ከዚያ ስለ ሥራው የምር ጥያቄ ጠይቂው። «እንዴት ነህ» መልሱ የታወቀ ስለሆነ ፊትን አያንቀሳቅስም። «አሁን ያቋረጥኩብዎ ምን ሥራ ነበር?» ብዬ የጠየቅኳቸው ሰዎች ግን ሲያስረዱኝ ትከሻቸው በራሱ ሲወርድ አይቻለሁ። ሰው ስለሚያውቀው ነገር ሲናገር ፊቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። እየተናገረ ሳለ አታንሺ፤ አፉ ተጣሞ ይወጣል። ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ፣ አፉ ተዘግቶ፣ ዓይኑ ገና ሐሳቡ ላይ እያለ አንዲት አጭር ፋታ አለች። ያኔ ነው የምትጫኝው። እኔ በዚህ ሥራ የምወደው ይህችን ፋታ መጠበቅ ነው።

«ፈገግ በል» የሚለውን እርሺው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ጥናቱ የደስታ ፈገግታ ከአፍ ሌላ በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ፣ ያኛው ጡንቻ ደግሞ በፈቃድ እንደማይታዘዝ ጽፏል። በትእዛዝ የመጣ ፈገግታ ብዙ ጊዜ አፍ ላይ ቀርቶ ዓይን ባዶ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ሁሉም ሰው ፈገግ ማለት የለበትም። በተፈጥሮው ኮስተር ያለ ሰው አለ፤ የረጋ ፊቱ ከተገደደ ፈገግታው ይልቅ አመኔታ ይሰጣል።

ሰውነትን በተመለከተ፣ መደገፊያ የሌለው ወንበር ተጠቀሚ። መደገፊያ ካለ ሰው ወደ ኋላ ይለጠጥና አገጩ አንገቱ ውስጥ ይቀበራል። ትከሻውን ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ፣ ከወገቡ ወደ አንቺ ቀረብ ብሎ፣ አገጩን ወደ ፊት አውጥቶ ጥቂት ዝቅ ያድርግ። ይህን በቃል አታብራሪው፤ አንቺ ራስሽ አድርገሽ አሳዪው፣ እያየሽ ይከተልሻል። ኮት የለበሰ ሰው ሲቀመጥ ኮቱ አንገቱ ሥር ይከመራል፤ የኋላውን ጫፍ ይቀመጥበት። ኮሌታው ቢዞር፣ ከረባቱ ቢጣመም ሳትጠይቂ እጅሽን አትስደጂ። መስታወት ስጪውና ራሱ ያስተካክል። መስታወት ማየቱ በራሱ ያረጋጋዋል።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፎቶዎች ለማሟሟቂያ ናቸው፤ አንሺያቸው እንጂ አትጨነቂባቸው። ደህና የሆነ አንድ ሲገኝ ካሜራውን አዙረሽ አሳዪው። «ፎቶ አይወጣልኝም» ያለ ሰው አንድ ያመነበትን ካየ በኋላ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ግን መርጠሽ አሳዪው። ካሜራውን በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ካገናኘሽ ስክሪኑ ወደ ሰዉ አይዙር፤ እያንዳንዷን ያልተሳካች ፎቶ እያየ ዘና ሊል አይችልም።

ስለ ኃላፊዎች ደግሞ፣ ፎቶ አንሺው ዩሱፍ ካርሽ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1941 ኦታዋ በካናዳ ፓርላማ የብሪታንያውን ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችልን ሲያነሳ የተፈቀደለት በጣም ጥቂት ደቂቃ ነበር። ሲጋሩን ከአፋቸው ነጥቆ ያን የተቆጣ ፊት ማግኘቱ ነው ሁልጊዜ የሚወራው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ መብራቱንና ካሜራውን ባለፈው ምሽት አዘጋጅቶ ጨርሶ ነበር። ሰውየው ሲገቡ የቀረው ሥራ ፊታቸው ብቻ ነበር። ኃላፊ ሲመጣ አንቺም እንደዚያ ሁኚ። «ሦስት ደቂቃ ይበቃኛል» በያቸውና በሦስት ደቂቃ ልቀቂያቸው፤ ብዙውን ጊዜ «አንድ ሁለት ጨምሪ» የሚሉት ራሳቸው ናቸው።


ከወንበሩ ማዶ፦

እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ፎቶ አንሺ የምቀጥረውም ሠራተኛውን ተራ የማስይዘውም እኔ ነኝ። ስለዚህ እናንተ የማታዩትን ልንገራችሁ።

ሰዉ የሚደርቀው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አይደለም፤ ቀድሞ ደርቆ ነው የሚመጣው። ማስታወቂያው የሚደርሰው በዚያው ዕለት ጠዋት ከሆነ ምን ልልበስ ብሎ ያሰበ የለም። ፀጉሯን መሠራት የፈለገች አልተሠራችም፤ ጢሙን ሲላጭ የቆረጠው ሰው ቁስሉን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ሁሉም በአንድ ክፍል ተሰልፎ የባልደረባውን መነሳት ይመለከታል። የክፍሉ ኃላፊ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ቆሞ «ሳቅ እንጂ!» ይላል። በሥልጣን የሚበልጣችሁ ሰው እያያችሁ ዘና በሉ ብትባሉ እናንተስ ትችላላችሁ?

ከቀጣሪሽ ጋር ስትነጋገሪ እነዚህን ጠይቂ። ማስታወቂያው ከሳምንት በፊት ይድረስ። በሩ ይዘጋ፤ አንድ ሰው ብቻ ይግባ። ተራ መጠበቂያው ሌላ ቦታ ይሁን፣ እዚያም መስታወት ይኑር። ከጀርባሽ ማንም አይቁም፣ ኃላፊም ቢሆን። ይህን የመጨረሻውን ለመናገር የምትፈሪ ከሆነ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ንገሪው፣ እኛ እንናገርልሻለን።

ሌላው ፎቶው የት እንደሚወጣ ነው። ሠራተኛው የሚያውቀው ለድረ ገጽ መሆኑን ነው፤ በኋላ ፊቱን በትልቅ ማስታወቂያ ላይ ያገኘዋል። ከሥራ ከለቀቀም በኋላ ፎቶው እዚያው የቀረ አለ። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ማንነቱ የሚለይ ሰው ፎቶን እንደ ግል መረጃ ይቆጥረዋል፤ ሕጉ በሌለበትም ቢሆን ሰዉን መንገር ተገቢ ነው። ውልሽ ላይ ፎቶው ለምን ለምን እንደሚውል በግልጽ ይጻፍ። ከተቻለ ደግሞ ሰዉ ከሁለት ሦስት ፎቶ አንዱን ራሱ ይምረጥ። የምርጫ መብት እንዳለው ሲያውቅ ያለው ለውጥ ትልቅ ነው።


ማለዳ ብርሃን፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዝምተኛ ሻተር፣ ስለ ሁለቱ ደንበኞች ያልከው ብዙ ነገር ገለጠልኝ፤ እኔ ሰዉን ነበር «አስቸጋሪ» የምለው። ከወንበሩ ማዶ፣ ስለ ማስታወቂያው ያልሽውን ነገ እጽፍላቸዋለሁ፤ ረቂቁን እዚህ እለጥፈዋለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። መነፅር የሚያደርጉ ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ ሶፍትቦክሱ ሌንሳቸው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። የሠራተኛው የቆዳ ቀለምም ከጠይም እስከ በጣም ጥቁር፣ ከዚያም እስከ ነጭ ነው፣ የውጭ ባለሙያዎችም ስላሉ። ሁሉንም በአንድ ብርሃን ማንሳት ይቻላል?


ግራጫ ካርድ፦

መነፅሩ የመስታወት ሕግ ነው፦ ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል። የተመለሰው ወደ ካሜራው እንዳይሄድ ማድረግ ብቻ ነው ያለብሽ። ሶፍትቦክሱን ከፍ አድርጊው፣ ወይም ወደ ጎን ግፊው። ካልበቃ የመነፅሩ ዘንግ ከጆሮው ላይ ትንሽ ከፍ ይበል፤ ሌንሱ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ነጸብራቁም ወደ ወለሉ ይሄዳል። ከፊት ለፊት አይታወቅም። አገጭን ጥቂት ዝቅ ማድረግም ይረዳል። ነጭ ሪፍሌክተሩ ራሱ ሌንስ ላይ እንደሚታይ አትርሺ፤ ብዙ ሰው መብራቱን አንቀሳቅሶ ሪፍሌክተሩን ይረሳዋል። በፀሐይ የሚጠቁር መነፅር ያደረገ ሰው ደግሞ መስኮት አጠገብ ተራ አይጠብቅ። ጠቁሮ ከገባ እስኪነጣ ደቂቃዎች ይወስዳል። መነፅሩን አስወልቀሽ ማንሳት ግን ጥሩ መፍትሔ አይደለም፤ ሁልጊዜ መነፅር የሚያደርግ ሰው ያለ እሱ ባልደረቦቹም አይለዩት።

ስለ ቆዳው የምለው ብዙ ነው፤ ይህ ጉዳይ ችላ ሲባል ስለሚያናድደኝ። በመጻሕፍትና በቪዲዮ የሚሰጠን የመብራት አሠራር አብዛኛው ነጭ ቆዳን ታሳቢ ያደረገ ነው። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያከፋፍለው የነበረው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ ለረጅም ዘመን የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። የልዩ ልዩ ቆዳ ሰዎች ያሉበት ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ዛሬ ካሜራው ተሻሽሏል፤ የፎቶ አንሺው ልማድ ግን ገና ነው።

የካሜራው ልኬት ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚሞክረው። ጥቁር ኮት የለበሰ ጥቁር ሰው ሲያይ ያነጣዋል፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ነጭ ሰው ሲያይ ያጠቁረዋል። ስለዚህ አውቶማቲኩን ተይው። ሁሉንም በእጅ ሙዪ፤ መጠኑን ሰዉ በሚቀመጥበት ቦታ በግራጫ ካርድ (ለመለኪያ የሚሆን መካከለኛ ግራጫ ካርቶን) ወይም በብርሃን መለኪያ ያዢ። ብርሃኑ ትክክል ከሆነ ጥቁሩም ጥቁር፣ ጠይሙም ጠይም፣ ነጩም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ይህ ነው ወጥነት። ሁሉንም ወደ አንድ የቆዳ ቀለም መጎተት ወጥነት አይደለም።

በጣም ጥቁር ቆዳ ላይ የፊትን ቅርጽ የሚያወጣው የብርሃኑ ብዛት ሳይሆን ነጸብራቁ ነው። ጉንጭ አጥንት፣ ግንባርና አገጭ ላይ የሚያርፈው ለስላሳ ብልጭታ ነው ፊቱን የሚቀርጸው። ትልቁን ሶፍትቦክስ አቅርቢና በጎን አዙሪው፤ ያ ብልጭታ ሰፊና የረጋ ይሆናል። ኃይል ጨምረሽ ለማንጣት ከሞከርሽ ቆዳው አመድማ ይሆናል። ግንባር ላይ ላብ ካለ ደግሞ ብልጭታው ይፈነዳል፤ መሐረብና የወዝ መምጠጫ ወረቀት ከቦርሳሽ አይጥፋ። የባክግራውንዱ ወረቀትም ከፀጉሩና ከኮቱ ጋር እንዳይቀላቀል በዚያ በሁለተኛው ፍላሽ ብርሃኑን አንድ ደረጃ (እጥፍ) ጨምሪለት፤ ለሁሉም ሠራተኛ እንደዚያው ይቆይ።

ነጭ ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርግ ሴት ስትመጣ መጠኑን በፊቷ ጠብቂ፣ ግን ነጩ ጨርቅ ዝርዝሩን እንዳያጣ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሺ። ሻሹን ራሷ ታስተካክለው።

ልብስን በተመለከተ፣ ቀጭን መስመር ወይም ደቃቅ ካሮ ያለው ኮት ስክሪን ላይ የማይኖር የቀለም ሞገድ ያወጣል። የጨርቁ ጥልፍና የሴንሰሩ ረድፍ ሲጋጩ ነው። ትንሽ ቀረብ ወይም ራቅ ስትዪ ይጠፋል። ግን እዚያው አጉልተሽ አረጋግጪ፣ ቤት ስትደርሺ አይደለም።


ፒክስል ለቃሚ፦

ስለ ኤዲቲንግ ማንም ስላላነሳ ልግባበት። እኔ የምመራበት መስመር አንድ ነው፦ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የማይኖር ነገር ይጥፋ፤ የሚኖር ይቆይ። ብጉር፣ የመላጫ ቁስል፣ ኮት ላይ ያለ ብናኝ፣ ያፈነገጠ ፀጉር ይጥፋ። ጠባሳ፣ ጥቁር ነጥብ፣ የጥርስ ፍንጭት፣ መጨማደድ ይቆይ። ከዓይን ሥር ያለ ጥቁረት ይቀንስ እንጂ አይጥፋ። የቆዳው ቀዳዳ ከጠፋ ሰዉ ጠፍቷል።

እና እባካችሁ፣ ለሁሉም በአንድ መጠን አድርጉት። ብዙ ገጽ ላይ የማየው ሠራተኛው እንዳለ ተትቶ የበላዮቹ ብቻ ተለስልሰው ነው። ጎን ለጎን ሲታይ ልዩነቱ ያሳፍራል። ወጥነት የተባለው ብርሃን ላይ ብቻ ከሆነ ግማሽ ነው።


ዝምተኛ ሻተር፦

በአብዛኛው እስማማለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን እለያለሁ። ሰዉ ራሱ «ይህን ጠባሳ አጥፋልኝ» ካለኝ አጠፋለታለሁ። ፊቱ የእሱ ነው፤ ጠባሳው እንዴት እንደመጣም እኔ አላውቅም። አለቃው «የእሷን ጥቁር ነጥብ አጥፋ» ካለኝ ግን አላጠፋም፤ እሷን ጠይቄ ነው።


ፒክስል ለቃሚ፦

የአለቃው ላይ ልክ ነህ። ባለቤቱ ሲጠይቅ ግን አሁንም እከራከርሃለሁ፤ ያው ፋይል ለመታወቂያም ይውላል። ጥበቃው መታወቂያውን ከፊቱ ጋር ሲያመሳክር የጎደለ ነገር መኖር የለበትም። ቢያንስ ሁለት ፋይል ይሁን፤ የመታወቂያው ሳይነካ ይቀመጥ።


አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ክሩን እያነበብኩ ነበር። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አሁን እኮ ሠራተኛው በስልኩ ራሱን አንስቶ ይልክና አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኮት አልብሶ፣ ባክግራውንድ ሠርቶ ይመልሰዋል። ድርጅቶች ወደዚያ አይሄዱም?


ከወንበሩ ማዶ፦

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እኛም ሞክረነዋል። ናሙናዎቹን ለባለቤቶቹ ስናሳያቸው «ያምራል፣ ግን እኔ አይደለሁም» ያሉን ብዙዎች ነበሩ። አንዳንዱን አቅልቶታል፣ የአንዷን አፍንጫ አቅጥኖታል፣ ያላትን ፍንጭት ደፍኖታል። ደንበኛ ገጹ ላይ ያየውን ሰው ቢሮ መጥቶ ሲያገኘው መለየት አለበት፤ ፎቶው የሚሠራው ለዚያ ነው። ሌላው፣ የሠራተኛን ፊት ለማናውቀው አገልግሎት አሳልፎ መስጠት ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ለእኛ ውሳኔው ከባድ አልነበረም።


ባለ ሰማንያ አምስት፦

ስለ ሁለቱ ሕንጻ ማንም ስላልመለሰ ልመለስበት። ሚስጥሩ መለካትና መጻፍ ነው፤ ዓይንን አለማመን።

መጀመሪያ ሕንጻ ላይ ሁሉም ሲስተካከል ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፊ፦ የወንበሩ እግር፣ የመብራቱ እግር፣ የትራይፖዱ እግር። ከዚያ በሜትር ለኪ። ሶፍትቦክሱ ከወለል ስንት፣ ከሰዉ አፍንጫ ስንት፣ ካሜራው ስንት፣ ወረቀቱ ስንት። የፍላሾቹን ኃይል፣ ኤፉን፣ አይኤስኦውን ጻፊ። አጠቃላይ አቀማመጡን በስልክሽ ከጎንም ከፊትም አንሺው። የሶፍትቦክሱ ጫፍ ላይ ክር እሰሪና ሰዉ አፍንጫ ጋ የሚደርስበት ላይ ቋጥሪው፤ ሰው በተቀያየረ ቁጥር ርቀቱን በአንድ እጅ ታረጋግጫለሽ። ሁለተኛው ሕንጻ ስትደርሺ ይህን ሁሉ መልሰሽ ትዘረጊዋለሽ። ከዓመት በኋላ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠርም የምትመለሺው ወደዚህ ማስታወሻ ነው፤ እመኚኝ፣ ይጠሩሻል።

ኋይት ባላንሱ (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገው የካሜራው የቀለም ማስተካከያ) አውቶማቲክ ላይ አይሁን። ቁጥር ሰጥተሽ ቆልፊው፤ ሰማያዊ ሸሚዝና ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ሰው በተቀያየረ ቁጥር የቆዳውን ቀለም እንዳይቀይርብሽ። በየሕንጻው የመጀመሪያ ፎቶሽ ግራጫ ካርዱ ይሁን።

ረጅምና አጭር ሰው ሲቀያየር ካሜራው ሁልጊዜ ዓይን ትክክል ይሁን። ቁመቱ የሚስተካከል ወንበር ካለ በጣም ይቀላል፤ ወንበሩን ታንቀሳቅሺያለሽ እንጂ መብራቱም ካሜራውም ቦታቸውን አይለቁም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሠራተኛ ካለ ግን መብራቱንም ካሜራውንም አንቺ ወደ እሱ አውርጂ፤ እሱን ወደ ሌላ ወንበር አታዛውሪው። ይህ እንዲኖር ከፕሮግራሙ በፊት ጠይቀሽ ተዘጋጂ።

ፎቶው ሲቆረጥ የዓይኖቹ መስመር በሁሉም ላይ አንድ ከፍታ ላይ ይረፍ፣ የራሱም ትልቀት ተቀራራቢ ይሁን። ስታነሺ ግን ዙሪያውን ሰፋ አድርገሽ ተዪ። ድረ ገጹ ክብ አድርጎ ሊቆርጠው ይችላል፤ መታወቂያው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ይፈልጋል፤ ሪፖርቱ ደግሞ አግድም ሊፈልግ ይችላል። ለስክሪን ኤስአርጂቢ (የስክሪን የተለመደ የቀለም ደረጃ) ጄፔግ፣ ለሕትመት በመጠኑ 300 ፒክስል በኢንች የሚደርስ ፋይል ለይተሽ ስጪ።

ስም ላይ ተጠንቀቂ። ብዙ ሰው ባለበት ቦታ ተመሳሳይ ስም አይጠፋም። እያንዳንዱ ሰው ሲገባ የሠራተኛ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት አስቀድመሽ አንሺ፤ ፋይሉንም በዚያ ቁጥር ሰይሚው። የአንዱ ፊት በሌላው ስም ከወጣ ለብርሃኑ የሚያመሰግንሽ አይኖርም። ካሜራሽ ሁለት የፎቶ ማስቀመጫ ካርድ ከወሰደ ሁለቱም ላይ እኩል ይጻፍ።


ማለዳ ብርሃን፦

ክፍሉን አይቼ መጣሁ። ጠረጴዛው በእርግጥም የማይነቃነቅ ነው፤ የሥልጠና ክፍሉን ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ርዝመቱ ይበቃል፣ አንዱ ግድግዳ ግን ቢጫ ስለሆነ ጥቁር ጨርቁን ይዤ እሄዳለሁ። ከወንበሩ ማዶ፣ ቃል በገባሁት መሠረት የማስታወቂያው ረቂቅ ይኸውና፦

«ውድ ሠራተኞች፣ በሚቀጥለው ሳምንት የፖርትሬት ፎቶ ፕሮግራም ይካሄዳል። ተራችሁ ከስማችሁ ትይዩ ተጽፏል። ፎቶ የሚነሳው አንድ በአንድ፣ በተዘጋ ክፍል ነው፤ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ቀለም ያለው፣ ደቃቅ መስመር የሌለው ልብስ ይመረጣል። መነፅር የምታደርጉ እንዳደረጋችሁ ኑ። ልዩ ዝግጅት የሚፈልግ ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁን።»

የጎደለ ነገር ካለ ንገሪኝ።


ከወንበሩ ማዶ፦

በጣም ጥሩ ነው። ሦስት ነገር ጨምሪበት። ፎቶው የት የት እንደሚወጣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ከተነሱት ውስጥ የሚወጣውን ባለቤቱ እንደሚመርጥ ይጻፍ። «ልዩ ዝግጅት» ከማለት ይልቅ ለማን እንደሚደውሉ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጪ፤ ያለዚያ ማንም አይናገርም።

የተራውን ዝርዝርም ለሰው ኃይል ክፍል ብቻ አትተዪው፣ አብረሽ እዪው። የሂሳብ ክፍሉን ወር መጨረሻ ላይ እንዳያስገቡት። ኃላፊዎቹን ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ላይ አታድርጊ፤ ከሌሎቹ ጥቂቶቹን አንስተሽ ብርሃኑን ካረጋገጥሽ በኋላ ይምጡ።


ማለዳ ብርሃን፦

ጨምሬ ልኬዋለሁ። የሂሳብ ክፍሉን በትክክል ወር መጨረሻ ላይ ነበር ያደረጉት፤ ወደ ሁለተኛው ሕንጻ ቀን አዛውረውታል። የመጀመሪያው ሕንጻ ሲያልቅ ልኬቶቹን እዚህ እጽፋለሁ፤ ባለ ሰማንያ አምስት፣ ወረቀቱ ላይ የማሳርፈውን ብርሃን አይተህ አስተያየትህን ትሰጠኛለህ።